«ደሴ» የጥያቄ ምልክት ሲሆን መጀመሪያ ባይቱን እይ

አብሽር ወንድሜ። ሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን ሰርቨር) ቀይረህ የማይኤስኪውኤል ዳታቤዙን ስታዛውር የደንበኞችህ አድራሻ ግማሹ የጥያቄ ምልክት፣ ግማሹ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆነ፤ ፍለጋውም «ኢሊጋል ሚክስ ኦፍ ኮሌሽንስ» (የማይጣጣሙ የፊደል ማወዳደሪያ ደንቦች ተቀላቅለዋል) ብሎ ይቆማል ነው ያልከው። እነዚህ የተለያዩ ችግሮች ናቸው፣ በአንድ ትእዛዝ አይድኑም። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ሱቆችን ድረ ገጽ ስሠራ ደጋግሞ ስለሚገጥመኝ በደንብ ልንገርህ።

ባክአፕ ውሰድ። ከዚያ ምንም ሳትነካ «ደሴ» መሆን የነበረበትን አንድ አድራሻ፣ የተቀመጡትን ባይቶች በሚያሳየው በሄክስ ፈንክሽን አውጥተህ እይ። ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ነው፤ ጤነኛው «ደሴ» ኢ1 8ቢ ቢ0 ኢ1 88 ቢ4 ሆኖ ይወጣል። ይህ ከወጣና ኮለሙ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (የማይኤስኪውኤል ሙሉው ዩቲኤፍ-8) ከሆነ ዳታህ ደህና ነው። ስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ብታይም ጥፋቱ የኮኔክሽኑ (የድረ ገጹና የዳታቤዙ ግንኙነት) ነው፤ ድረ ገጹን የሚያሠራው ፒኤችፒ ዳታቤዙን እንደከፈተ ካራክተር ሴቱን (ፊደል በባይት የሚጻፍበትን ስልት) ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 እንዲያደርግ እዘዘው።

ባይቱ ያው ሆኖ ኮለሙ ላቲን1 (ለምዕራብ አውሮፓ ፊደላት የሆነ ስልት) ከሆነ ግን እጅህን ሰብስብ። ከማይኤስኪውኤል 8.0 በፊት ዲፎልቱ ላቲን1 ስለነበር የቆዩ ድረ ገጾች ላይ የሚበዛው ይሄ ነው። ሰው ሁሉ የሚመክረውን፣ የቴብሉን ካራክተር ሴት የሚቀይረውን «ኮንቨርት ቱ» እዚህ ላይ ብትሰጥ፣ እያንዳንዱን ባይት እንደ ላቲን ፊደል ቆጥሮ ደግሞ ይለውጠዋል። ኢ1 የነበረው ሲ3 ኤ1 ይሆናል፤ አናቱ ላይ ጭረት ያለበት ኤ ገጹን ይሞላዋል። ትክክለኛው መንገድ ቫርቻሩን መጀመሪያ ወደ ቫርባይነሪ፣ ቴክስቱን ወደ ብሎብ (ጥሬ ባይት ብቻ ወደሚይዙት ዓይነቶች)፣ ከዚያ ሁሉንም ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ማዞር ነው። ለዚህ የኮለሙን ዓይነት የሚቀይረውን «ሞዲፋይ» ስትሰጥ ኖት ነልና (ባዶ አይሁን የሚለውን) ዲፎልቱን ደግመህ ጻፍ፣ አለዚያ ይጠፋሉ።

ሄክሱ ከመጀመሪያውም በሲ3 ኤ1 ከጀመረ ድርብ ለውጡ ተፈጽሟል። ወደ ላቲን1 መልሰህ፣ ባይነሪ አድርገህ፣ እንደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አንብበው። በሰሌክት አይተህ ስታምን ብቻ አፕዴት አድርግ።

3ኤፍ 3ኤፍ (የጥያቄ ምልክቱ ራሱ) ካየህ ፊደሉ ሲገባ ጠፍቷል፣ የሚመልስ ትእዛዝ የለም። ስለዚህ የድሮውን ሆስቲንግ ክፍያ አታቋርጥ! ዳምፑን (የዳታቤዙን ቅጂ) ከዚያ እንደገና ታወጣለህ።

የኮሌሽኑ ነገር ቀላል ነው። አሮጌዎቹ ቴብሎች ዩኒኮድ_ሲአይ፣ 8.0 ላይ በዲፎልት የተፈጠሩት 0900_ኤአይ_ሲአይ ሆነው ጆይን ስታደርጋቸው (በአንድ ጥያቄ ስታገናኛቸው) ነው የሚጣሉት። ሁሉንም ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4_ዩኒኮድ_ሲአይ አምጣ፤ ከማይኤስኪውኤል የወጣው ማሪያዲቢ የተባለ ዳታቤዝ የቆየ ከሆነ 0900ን አያውቀውም። ኩዌሪው ውስጥ «ኮሌት» መለጠፍ ለዛሬ ያሠራሃል፣ ግን ዳታቤዙ ኢንዴክሱን (ፍለጋን የሚያፋጥነውን ማውጫ) እንዳይጠቀም ሊያደርግ ይችላል።

ይሄ ሁሉ ተስተካክሎም «ሐይቅ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ሀይቅ» ተብሎ የተመዘገበውን አያገኝም፤ ኮሌሽኑ ሐን፣ ሀንና ኀን አያመሳስልም። ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ኮለም ጨምርና ሞክሼዎቹን ወደ አንድ እየቀየርክ አስገባበት፤ ተጠቃሚው የሚጽፈውንም እንዲሁ አሳልፈው። ዋናውን አድራሻ ግን ደንበኛው እንደጻፈው ተወው።