ኒውሮአናቶሚ አልገባኝ ላልሽው እህቴ፦ መጀመሪያ የት እንደሚሻገር ያዢ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። በስልክ መመለስ ጀምሬ ሲረዝምብኝ ተውኩትና ዛሬ ከተረኝነት ወጥቼ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ያልሽው ባጭሩ ይሄ ነው፦ የሕክምና ተማሪ ነሽ፣ ፒሲ ቱ (ሆስፒታል ከመግባት በፊት ያለው ሁለተኛ ዓመት)፣ የኒውሮአናቶሚ (የአንጎልና የነርቮች አወቃቀር) ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶሻል፣ ትራክቶቹን (በአንጎልና በኮርድ ውስጥ የሚያልፉትን የነርቭ መንገዶች) ማታ አጥንተሽ ትተኚያለሽ ጠዋት ስትነሺ አንዱም የለም፣ ክራኒያል ነርቮቹ (ከአንጎል በቀጥታ የሚወጡት 12ቱ) ይምታቱብሻል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) ሆኜ ገጠር ከተመደብኩ ይሄ ሁሉ ምን ያደርግልኛል?» ብለሻል። ከጥያቄሽ ሥር የጻፉልሽ ልጆች «ዝም ብለሽ ሸምድጂው፣ ሁላችንም እንደዛ ነው ያለፍነው» ብለውሻል። በዚህ አልስማማም።

እኔም ሸምድጄ ነበር። የስፓይናል ኮርዱን (በአከርካሪ ውስጥ የሚወርደውን የነርቭ ገመድ) ትራክቶች ከላይ እስከ ታች በቃሌ እወጣቸው ነበር። ፈተናው ላይ የመጣው ግን «በሽተኛው ቀኝ እግሩን ማንቀሳቀስ አቃተው፣ ግራ እግሩ ደግሞ ትኩስና ቀዝቃዛ አይለይም፣ ጉዳቱ የት ነው?» የሚል ነው። ስሞቹን ሁሉ አውቃለሁ፣ መልሱን ግን አላውቅም። ያንን ፈተና ወደቅሁ። ከዚያ በኋላ ከእኔ ሁለት ዓመት የሚቀድም ልጅ ዶርም መጥቶ ባዶ ወረቀት ሰጠኝና ለእያንዳንዱ ትራክት ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ ከየት ተነሳ? ከቀኝ ወደ ግራ ወይም ከግራ ወደ ቀኝ የት ተሻገረ? የት ደረሰ? ከሦስቱ ደግሞ ዋናው መካከለኛው ነው። መሻገሪያውን ካወቅሽ ሌላው እየተጎተተ ይመጣል።

ስለዚህ ለጊዜው ሌላውን ሁሉ ተዪውና ሦስት ትራክት ብቻ ያዢ።

አንደኛው እንቅስቃሴ የሚያዘው ኮርቲኮስፓይናል ነው። ከአንጎል ሞተር ኮርቴክስ (እንቅስቃሴ ከሚያዘው የላይኛው ንጣፍ) ይነሳል፣ ኢንተርናል ካፕሱል በሚባለው ጠባብ መተላለፊያ በኩል ተጠጋግቶ ይወርዳል፣ ሚድብሬንንና ፖንስን አልፎ ሜዱላ ይደርሳል፤ ሦስቱ አንድ ላይ ብሬንስተም ይባላሉ፣ አንጎልን ከኮርድ ጋር የሚያገናኘው ግንድ። የሜዱላው ታችኛ ጫፍ ላይ፣ ፒራሚድ የሚባለው ጋ፣ ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ወደ ማዶ ይሻገራል። ሁለተኛው ዶርሳል ኮለም ነው። ንዝረትን፣ ስስ ንክኪን፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ የእግር ጣትሽ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች የምታውቂበትን ስሜት ይዞ ይወጣል። ኮርድ ውስጥ በገባበት ጎን ሳይሻገር ሽቅብ ይሄዳል፣ ሜዱላ ላይ ነርቭ ይቀይርና እዚያ ይሻገራል፣ ከዚያ ታላመስ (አንጎል ውስጥ ያለ የስሜት ማስተላለፊያ ጣቢያ)፣ ከዚያ ኮርቴክስ። ሦስተኛው ስፓይኖታላሚክ ነው። ሕመምና ሙቀት ይሸከማል። ይሄኛው አይታገሥም፤ ኮርድ ውስጥ እንደገባ፣ አንድ ሁለት ሴግመንት (የኮርድ ክፍል) ሳይርቅ፣ ወደ ማዶ ይሻገርና በማዶው በኩል ይወጣል።

እንግዲህ ሁለቱ ሜዱላ ላይ ይሻገራሉ፣ አንዱ እዚያው ኮርድ ላይ ይሻገራል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ዛሬ ማታ ያዢያት።

ስሜት የሚሸከሙትን ሁለቱን ወንዝ ዳር ይዘው ሽቅብ የሚወጡ መንገደኞች አድርገሽ አስቢያቸው። አንዱ ገና እንደደረሰ ውኃው በጎደለበት ጭንጫ ተሻግሮ በማዶ ይወጣል። ሌላው በዚህኛው ዳር እስከ ድልድዩ ወጥቶ እዚያ ይሻገራል። ከድልድዩ በታች አንዱ ዳር ላይ ናዳ ቢወርድ ማን ሳይደርስ ይቀራል? ከዚህኛው ዳር የተነሳው ባለ ድልድይና ከማዶ ተሻግሮ የመጣው ባለ ጭንጫ።

ኢንተርን ሆኜ አንድ ሌሊት ጀርባው ላይ በስለት የተወጋ ወጣት አመጡ። ቁስሉ ከአከርካሪው ትንሽ ወደ ቀኝ ነው። ቀኝ እግሩ አይንቀሳቀስም። ግራ እግሩን እንደ ልቡ ያነሳዋል፣ ግን በመርፌ ስነካው አያውቅም፣ አልኮል የነካ ጥጥ ሳደርግበት ቅዝቃዜው አይሰማውም። ወንድሙ «የተወጋው በቀኝ፣ የደነዘዘው በግራ፣ ይሄ እንዴት ይሆናል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ግን ያን ጊዜ ገብቶኝ ነበር። የቀኙ ኮርቲኮስፓይናል ከላይ ተሻግሮ ጨርሶ የወረደ ነው፣ ስለዚህ ሲቆረጥ የቀኝ እግር ሽባ ይሆናል። የቀኙ ዶርሳል ኮለም ገና አልተሻገረም፣ ስለዚህ ንዝረቱ የሚጠፋው በቀኝ ነው፤ ቱኒንግ ፎርኩን (የሚነዝረውን ብረት) አጥንቱ ላይ ሳስቀምጥ እውነትም በቀኝ አይሰማውም። በቀኝ የሚወጣው ስፓይኖታላሚክ ግን ከግራ ተሻግሮ የመጣ ነው፣ ስለዚህ ሕመምና ቅዝቃዜ የጠፋው በግራ ነው። ይህን የግማሽ ኮርድ ጉዳት በ1850 እ.ኤ.አ. አካባቢ የገለጸው ብራውን ሴካር የሞሪሸስ ተወላጅ ነው፣ የአፍሪካችን ልጅ። እኔ ፈተና ላይ የወደቅሁበት ጥያቄ ራሱ ነበር አልጋ ላይ ተኝቶ ያገኘሁት።

አሁን ወደ ጥናትሽ ልምጣ። ሀንዳውቱን ደጋግሞ ማንበብ ይቅርብሽ። ባዶ ወረቀትና ሦስት ቀለም እስክሪብቶ ያዢ። ከላይ ወደ ታች አምስት ቅርጽ ሳዪ፦ ኮርቴክስ፣ ሚድብሬን፣ ፖንስ፣ ሜዱላ፣ ኮርድ። ሥዕሉ ባያምርም ችግር የለውም። ሦስቱን ትራክቶች በሦስት ቀለም አስኪጃቸው። ከዚያ ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክሪብቶውን አንድ ቦታ ጣል አድርጊና «እዚህ ቢቆረጥ በሽተኛዬ ምን ያጣል? በየትኛው ጎን?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን ድምፅሽን አውጥተሽ ለዶርም ጓደኛሽ ንገሪያት። በቀን አምስቴ ብታደርጊው በሁለት ሳምንት እጅሽ ራሱ ያውቀዋል። ዲሴክሽን ክፍል (አስከሬን የሚጠናበት) ስትገቢ ደግሞ ፎርማሊኑ ዓይን ቢያቃጥልም ከኋላ አትቁሚ። አንጎሉን በእጅሽ ያዢው። አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ፣ አራት መቶ ግራም ገደማ ነው። የሜዱላው ፒራሚዶች በጣት ይዳሰሳሉ፤ አንዴ ከዳሰስሻቸው የት እንደሚሻገር አትረሺም።

ስለ ጓያ በሽታም ልንገርሽ፣ ምክንያቱም በእኛ አገር ኮርቲኮስፓይናልን እንደዚህ በሽታ የሚያስተምር የለም። ከገጠር የመጣ አንድ ጎልማሳ ነበር፣ በሁለት ዱላ ተደግፎ የሚሄድ። ጉልበቶቹ እየተጠላለፉ፣ ተረከዙ መሬት ሳይነካ፣ በእግሩ ጣቶች ነው የሚረግጠው። ጉልበቱን በመዶሻ መታ ሳደርገው እግሩ ተስፈነጠረ። ቁርጭምጭሚቱን ገፋ ሳደርገው መንቀጥቀጡን አላቆም አለ። ውስጥ እግሩን ስፍቀው አውራ ጣቱ ወደ ላይ ተነሳ። በመርፌ ስነካው ግን ሁሉንም ያውቃል። ንዝረቱም ይሰማዋል፣ ሽንቱንም ይቆጣጠራል። ሲኒየሩ ወደ እኛ ዞሮ «የትኛው መንገድ ሄደ፣ የትኛው ቀረ?» አለን። ሁለቱም የስሜት መንገዶች ደህና ናቸው፣ የሄደው ኮርቲኮስፓይናል ብቻ ነው፣ እሱም ወደ እግር የሚወርደው። ድርቅ በሆነበት ዓመት ሌላው እህል ሲጠፋ ጓያ ይተርፋል። ሰው ለወራት የጓያ ቂጣና የጓያ ሽሮ ብቻ ይበላል፣ ውስጡ ያለው መርዝ ያንን መንገድ ለይቶ ይጎዳዋል። የሰውየውን አካሄድ እስካሁን አልረሳሁትም። ከዚያ ቀን ወዲህ አፐር ሞተር ኒውሮን (ከአንጎል ትእዛዝ የሚያወርደው ነርቭ) ሲጎዳ የሚታየውን የምልክት ዝርዝር መሸምደድ አላስፈለገኝም።

ክራኒያል ነርቮቹን ደግሞ በአራት በአራት ክፈያቸው። ይህን ዘዴ ያወጣው ፒተር ጌትስ የሚባል አውስትራሊያዊ ኒውሮሎጂስት ነው፣ ለእኔ የብሬንስተም በር የተከፈተው በሱ ነው። የመጨረሻዎቹ አራቱ ከሜዱላ፦ 9፣ 10፣ 11፣ 12። መካከለኞቹ አራቱ ከፖንስ፦ 5፣ 6፣ 7፣ 8። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ከፖንስ በላይ ናቸው፤ ከነሱ 3 እና 4 ሚድብሬን ላይ፣ 1 እና 2 ከብሬንስተም ውጪ። ከዚያ 1 እና 2ን ትተሽ 12ን ያለ ቀሪ የሚያካፍሉትን እያቸው፦ 3፣ 4፣ 6 እና ራሱ 12። የነዚህ የሞተር ኒውክለስ (እንቅስቃሴ የሚያዙት የነርቭ ሴሎች ስብስብ) መሐል ላይ ነው። 5፣ 7፣ 9፣ 11 ደግሞ ጎን ላይ ናቸው። ኮርቲኮስፓይናል ብሬንስተም ላይ በመሐል በኩል ያልፋል፣ ስፓይኖታላሚክ በጎን በኩል።

አሁን ምላሱን ሲያወጣ ወደ ቀኝ የሚሄድበት፣ ግራ እጅና እግሩ የደከመ ሰው ቢመጣልሽ ምን ትያለሽ? ምላስ 12ኛው ነው፣ 12 ሜዱላ ነው፣ 12 መሐል ነው። ምላሱ ወደ ተጎዳው ጎን ስለሚዞር ጉዳቱ የቀኝ ሜዱላ መሐል ነው። ግራው የደከመው ኮርቲኮስፓይናሉ ገና ከታች ስለሚሻገር ነው። ቀኝ የዓይን ቆቡ የወደቀ፣ ዓይኑ ወደ ውጪና ወደ ታች የሄደ፣ ግራ ጎኑ የደከመ ቢመጣስ? ዓይንንና ቆቡን የሚያንቀሳቅሰው 3ኛው ነው፣ ስለዚህ ቀኝ ሚድብሬን። ፊት በአንድ ጎን፣ አካል በሌላ ጎን ሲሆን ብሬንስተምን አስቢ። ይሄ ደግሞ ተመልሶ ያው የመሻገር ጉዳይ ነው።

7ኛውን (የፊት ነርቩን) ለብቻው አጥኚው፣ ምክንያቱም ነገ ተመላላሽ ክፍል ስትቀመጪ «ብርድ መታኝ» ብሎ ፊቱ የተጣመመ ሰው ይመጣልሻል። ግንባሩን እንዲሸበሽብ ጠይቂው። የግንባር ጡንቻ ከሁለቱም የአንጎል ጎን ትእዛዝ ያገኛል። ስለዚህ ስትሮክ ከሆነ አፉ ይጣመማል እንጂ ግንባሩ ይሸበሸባል። ግንባሩም ካልተሸበሸበና ዓይኑ አልከደን ካለ ነርቩ ራሱ ነው የተጎዳው። አሥር ሰከንድ የማይፈጅ ምርመራ ነው፣ አንዱን ወዲያው ሪፈር ታደርጊዋለሽ፣ ሌላውን መድኃኒት ሰጥተሽ ዓይኑ እንዳይደርቅ ትጠብቂለታለሽ።

ሴሬቤለምን (እንቅስቃሴን የሚያቀናጀውን የኋላ አንጎል) ብዙ አትፍሪው፤ ምልክቱ በተጎዳበት በዚያው ጎን ነው የሚታየው፣ ለፒሲ ቱ ያ ይበቃል። ስለ ሲኤስኤፍ (አንጎልንና ኮርድን ስለከበበው ፈሳሽ) በቀን 500 ሚሊ ሊትር ያህል እንደሚመነጭ፣ በአንድ ጊዜ ግን 150 ያህል ብቻ እንደሚኖር ያዢ፤ መንገዱ ሲዘጋ ጭንቅላት ውስጥ ግፊት ለምን ቶሎ እንደሚጨምር ከነዚህ ሁለት ቁጥሮች ይገባሻል።

የእጅና የእግር ነርቮችን ደግሞ ከሰው አካል ላይ አጥኚያቸው። ክርንሽን ስትመቺ ትንሿ ጣትሽ ድረስ የሚነዝርሽ አልናር ነርቭ ነው። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ስለሚወድ እንደነዚህ ያሉ ለቆዳ የቀረቡ ነርቮችን ያጠቃል። በ1965 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው አለርት፣ አዲስ አበባ ባለው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል፣ የመለማመድ ዕድል ካገኘሽ ክርን ላይ የወፈረ ነርቭ በጣትሽ ትዳስሻለሽ፣ መጽሐፍ ላይ ያለው ሥዕል ያኔ ሕይወት ይዘራል። መቀመጫው ላይ ያለቦታው መርፌ ተወግቶ እግሩን የሚጎትት ሕፃንም አይቻለሁ። ሲያቲክ (ከመቀመጫ ወደ እግር የሚወርደው ትልቅ ነርቭ) የት እንደሚያልፍ ያላወቀ ሰው እጅ ነው ያደረገው። ያንን ነርቭ ስታጠኚ ያንን ሕፃን አስቢልኝ።

ጂፒ ሆነሽ ምን ያደርግልሻል ላልሽው። እኔ ጂፒ ሆኜ የሠራሁበት ሆስፒታል ሲቲ ስካን አልነበረውም፣ የቅርቡ የአንድ ቀን መንገድ ነው። አንዲት የሁለት ልጆች እናት በቃሬዛ መጣች። እግሮቿ ቀስ በቀስ እየደከሙ አራት ወር ሆኗቸዋል። ከዚያ በፊት የሄደችበት ቦታ በየሳምንቱ የቫይታሚን መርፌ ይሰጣት ነበር፣ ጀርባዋን ግን ማንም ገልጦ አላየውም። ከእግሯ ጀምሬ በመርፌ እየነካሁ ወደ ላይ ወጣሁ። እምብርቷ ጋ ስደርስ «አሁን ተሰማኝ» አለች። እምብርት ቲ10 ነው (ቲ የደረት፣ ኤል የወገብ ሴግመንት ማለት ነው)። የጡት ጫፍ ቲ4፣ ብሽሽት ኤል1፤ እነዚህን ሦስቱን እንደ ስምሽ እወቂያቸው። ጀርባዋን ሳየው አንዷ አከርካሪ ወደ ውጪ ገፍታለች። የአከርካሪ ቲቢ ነበር። የነካኋት ጉብታ ደግሞ ከቲ10 ትንሽ ከፍ ያለች ናት፣ ምክንያቱም አጥንቱ ከኮርዱ በላይ ስለሚያድግ የኮርዱ ሴግመንትና የአከርካሪው ቁጥር ወደ ታች በሄድሽ ቁጥር ይራራቃሉ፣ ኮርዱም አዋቂ ላይ ኤል1 እና ኤል2 አካባቢ ያልቃል። ኤልፒ (ከወገብ በመርፌ ሲኤስኤፍ መቅዳት) ከዚያ በታች ኤል3 እና ኤል4 መሐል የምንሠራውም ለዚሁ ነው። ሪፈር ወረቀቱ ላይ «ቲ10 ሴንሰሪ ሌቭል» (ከዚያ በታች ስሜት ጠፍቷል ማለት ነው) ብዬ ጻፍኩ፣ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ወዲያው ተቀበላት። ከወራት በኋላ የቲቢ መድኃኒቷን ልትወስድ በእግሯ መጣች።

ነገ የስፓይናል ኮርዱን ሥዕል በሦስት ቀለም ሠርተሽ ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊው። ሐሙስ ማታ ተረኛ ነኝ፣ ዓርብ ከሰዓት አየዋለሁ። መሻገሪያዎቹን ብቻ በቀይ አክብቢያቸው፣ መጀመሪያ የማየው እነሱን ነው።