ለናፍጣ ሞተር የትኛውን ጌጅ ልግዛ?

ስለ ናፍጣ ሞተር መፈተሻ ጌጅ፣ በተለይም ኮምፕሬሽን (ሲሊንደር ውስጥ የታመቀ አየር ግፊት) ስለሚለካው፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የቤንዚን ኮምፕሬሽን መለኪያ አለኝ። ለናፍጣም አይሆንም?

አይሆንም ወንድሜ። የቤንዚኑ አብዛኛውን ጊዜ 20 ባር አካባቢ ያልቃል። ጤነኛ ናፍጣ ሞተር ግን ከ25 እስከ 35 ባር ይሰጣል። ቀስቱ ጥግ ሄዶ ይመታና ይበላሻል፤ ከዚያ በኋላ ለቤንዚኑም አይታመንም። እስከ 70 ባር፣ ማለትም 1,000 ፒኤስአይ ገደማ የሚያነበውን ግዛ።

ጥያቄ፦ ታዲያ 160 ባር የሚያነበው አይሻልም?

እሱም አይሆንም። የጌጅ ስህተት የሚሰላው ከሙሉ ልኬቱ ነው። የትክክለኛነት ደረጃው 1.6 የሆነ (ማለትም ከሙሉ ልኬቱ 1.6 በመቶ ሊሳሳት የሚችል) ባለ 70 ባር ጌጅ በ1.1 ባር ገደማ ሊሳሳት ይችላል። ባለ 160ው ደግሞ በ2.6 ባር። በሲሊንደሮች መካከል የምንፈልገው ልዩነት ራሱ ከ3 እስከ 5 ባር ስለሆነ፣ ይህ ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ሃያስ ሚኒባሴን አስለካሁ። አራቱም ሲሊንደር 23 እና 24 ባር ነው። ማኑዋሉ 31 ይላል። መካኒኩ "ሞተሩ ይውረድ" እያለኝ ነው።

ኧረ ቆይ፣ ገና አይውረድ! የማኑዋሉ ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ የሚያምቀው ያገኘውን አየር ነው። 31ን በ0.75 አባዛው፤ 23 ይመጣል። የአንተ ሞተር ያነበበው ይህንኑ ነው። ማኑዋሉ ዝቅተኛ ብሎ ያስቀመጠውንም በዚሁ አባዛ። ያው መኪና ሰመራ ወርዶ ቢለካ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ማንም ሳይነካው።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን ደስ ያለኝ አራቱ መቀራረባቸው ነው። አንዱ 16 ቢሆን ኖሮ ቫልቭ፣ ሪንግ ወይም የቴስታታ ጋስኬት ነው እል ነበር። ደግሞም ሲለካ ሁሉም ማሞቂያ ካንዴላ ወልቆ ነበር? ባትሪውስ ሙሉ ነበር? ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ቀስ ብሎ ካዞረ ጤነኛውም ሞተር ዝቅ ብሎ ያነባል። ጠዋት በአንድ ቁልፍ የሚነሳና ጭሱ የማያስቸግር ከሆነ፣ ገንዘብህን ያዝ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ መካኒክ ነው፣ ስጦታ ልገዛለት ነው። ምን ልይ?

እህቴ፣ ጌጁን ሳይሆን አዳፕተሮቹን፣ ማለትም በካንዴላው ቀዳዳ የሚጠብቁትን ማገናኛዎች፣ እይ። ሳጥኑ ውስጥ ባለ 10 በ1፣ 10 በ1.25 እና 12 በ1.25 ሚሊሜትር ጥርስ መኖራቸውን ጠይቂ። ሶማሌ ተራ ስትሄጂ አሮጌ ማሞቂያ ካንዴላ ይዘሽ ሂጂና እዚያው አመሳስዪ። የገባውን አየር ወደ ኋላ የማይመልሰው ቫልቭ አዳፕተሩ ጫፍ ላይ፣ ሲሊንደሩ አጠገብ መሆን አለበት። ጌጁ ጋ ከሆነ በናፍጣ ሞተር ጠባብ የማቀጣጠያ ክፍል ላይ የቱቦው ባዶ ቦታ ይጨመርና ቁጥሩ ይወርዳል። ቫልቩ ሲያረጅ በመኪና ጎማ ቫልቭ የሚተኩ አሉ፤ ያ አይሠራም።

ጥያቄ፦ እንደ ቤንዚኑ ዘይት ጠብ አድርጌ ደግሜ ልለካ?

ናፍጣ ላይ ተው። ዘይቱ ሊቀጣጠል ይችላል፣ ከበዛም ፒስተኑን ያግተዋል።

ጥያቄ፦ በዚሁ ጌጅ የኮመን ሬይል ግፊት ማየት ይቻላል?

በፍጹም! ኮመን ሬይል ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ይዞ ለኢንጀክተሮቹ የሚያድለው ቱቦ ነው፤ እዚያ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል። የሚተፋው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ እጅ ያሳጣል። እሱን በስካነር አንብብ።

ጥያቄ፦ ለዘይት ግፊትስ?

ባለ 10 ባር ይበቃል። ውስጡ ግሊሰሪን ያለበትን ምረጥ፤ ቀስቱ አይንቀጠቀጥብህም።