«የተኛ ጌም» ወይስ «እያደር የገነነ»?

ጥያቄ፦ ስለ ቪዲዮ ጌም በአማርኛ አጫጭር ቪዲዮዎች እሠራለሁ። ሲወጡ ማንም ዞር ብሎ ሳያያቸው ቆይተው፣ ኋላ ላይ ዓለምን ያዳረሱ ጌሞች አሉ። እንግሊዝኛው «ስሊፐር ሂት» ይላቸዋል። እኔ ቃሉን ተርጉሜ «የተኛ ጌም» አልኩት። ተመልካቾች ግን «ማንም የማይጫወተው ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ምን ብል ይሻላል? «ስሊፐር»ን እንዳለ ብወስደውስ?

መልስ፦ ተመልካቾችዎ ልክ ናቸው። «የተኛ ሰው» ሲባል አሁን እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ነው የሚታየን። ሌሊት ተኝቶ ጠዋት የነቃውን «የተኛ» አንለውም። «የቆመ መኪና»፣ «የተቀመጠ ሰው» ስንልም እንደዚሁ ነው፤ ቅርጹ ያለፈ ይመስላል፣ የሚነግረን ግን አሁን ያለውን ሁኔታ ነው። በዚያ ላይ «ገበያው ተኝቷል» የሚባለው ሥራ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ «የተኛ ጌም» ያልተሸጠ፣ የሞተ ጌም ይሆናል። ሊሉ ያሰቡት ተቃራኒውን ነበር።

«ስሊፐር»ም አያዋጣም። ቃሉን ጫማው ቀድሞ ይዞታል። «ስሊፐር ጌም» ቢሉ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እግሩን ነው።

እኔ የምመርጠው «እያደር የገነነ» የሚለውን ነው። ምክንያቱን ላስረዳ። «እያደር» ከ«አደረ» የመጣ ነው። «አደረ» ሌሊቱን አሳለፈ ማለት ነው። አማርኛ የጊዜን ዝግታ የሚቆጥረው በሌሊት ነው፦ «ውሎ አድሮ»፣ «ሲውል ሲያድር»፣ «ሳይውል ሳያድር»። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። እንግሊዝኛው በእንቅልፍ ሊል የፈለገውን አማርኛ በማደር ይለዋል። ሌሊቱም አለበት፣ መንጋቱም አለበት። ይህን የመሰለ ቃል በእጃችን እያለ ከውጭ መዋስ ያሳዝነኛል።

በአንድ ጌም እንየው። «አማንግ አስ» የወጣው በፈረንጆቹ 2018 ነው። ጠፈርተኞች በአንድ መርከብ ይጓዛሉ፤ መካከላቸው አስመሳይ ገዳይ አለ፤ ተሰብስበው ተወያይተው የጠረጠሩትን በድምፅ ብልጫ ያስወጣሉ። የሠራው «ኢነርስሎዝ» በጊዜው የሦስት ሰው ቡድን ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ከጥቂት ሰዎች በቀር ያወቀው አልነበረም። በ2020 በኮሮና ምክንያት ሰው ሁሉ ቤቱ በተዘጋበት ወቅት፣ በቀጥታ እያስተላለፉ የሚጫወቱ ታዋቂ ተጫዋቾች አነሱትና በጥቂት ሳምንታት ዓለም አቀፍ ሆነ። ሠሪዎቹ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ሁለተኛ ክፍል እንሠራለን ብለው አስታወቁ። በሴፕቴምበር ሐሳባቸውን ቀየሩ፤ ሰው የወደደውን የመጀመሪያውን ማሻሻል ይሻላል አሉ። ይህን ጌም «እያደር የገነነ» ቢሉት አንድም ቃል አይተርፍም፣ አንድም አይጎድልም።

ግን ሁሉንም በዚህ አይጥሩ። «ሳይታሰብ»፣ «በድንገት» እና «እያደር» የተለያየ ነገር ይናገራሉ። «ሳይታሰብ» የሚነግረን ሰው የጠበቀውን ነው፤ «በድንገት» ፍጥነቱን፤ «እያደር» ደግሞ የቆየበትን ጊዜ። «ባላትሮ»ን ይውሰዱ። አንድ ሰው የሠራው የመጫወቻ ካርታ ጌም ነው፤ በ2024 በወጣ በወሩ ገደማ አንድ ሚሊዮን ቅጂ ተሸጧል። አላደረም፣ አልቆየም። «ሳይታሰብ የገነነ» እንጂ «እያደር የገነነ» አይደለም። «ፍላፒ በርድ» ደግሞ «እያደር»ን እና «በድንገት»ን ያጣምራል። ቬትናማዊው ዶንግ ንጉየን በሜይ 2013 አወጣው፤ ወራት አለፉ፤ በጃንዋሪ 2014 የስልክ ጌሞችን ሰንጠረዥ ከላይ ሆኖ መራ። በቀጣዩ ወር ራሱ ሠሪው ከገበያ አነሳው። እዚህ ላይ «ወራት ተኝቶ ቆየና በድንገት ገነነ» ማለት ያምራል። ልብ ይበሉ፣ «ተኝቶ ቆየ» ሲሆን እንቅልፉ ያበቃል። የእርስዎ «ተኛ» በዚህ ቅርጽ ቢመጣ ኖሮ ማንም አይጠይቅዎትም ነበር።

በአጻጻፍ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። «እያደር» እና «እያደረ» አንድ አይደሉም። «እያደረ» ቢሉ «እዚያው እያደረ ይማራል» እንደሚባለው፣ ሌሊቱን የሚያሳልፍ ሰው ነው የሚታየው። ሌላው፣ «እያደር» አቅጣጫ የለውም። ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል፤ «እያደር ጥጃ» የምንለው ወደ ኋላ ለሚሄድ ነው። መንገዱን የሚያሳየው ግሱ ነው። ስለዚህ «ገነነ» አይቅርብዎት።

ለምን «ተወደደ» አልልም? ብዙ ሰው ይለዋል፤ እኔም አንድ ጊዜ ጽፌው አርሜዋለሁ። «ጌሙ ተወደደ» ሲባል ዋጋው ጨመረ ተብሎም ይሰማል። እነዚህ ጌሞች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ርካሽ ናቸው። «ቫምፓየር ሰርቫይቨርስ» በ2021 መጨረሻ ለኮምፒውተር ሲቀርብ ዋጋው 3 ዶላር ገደማ ነበር። በዚህ መሐል «ተወደደ» ቢገባ ሰሚው በትክክል ተቃራኒውን ይረዳል። «ተወዳጅ ሆነ» ቢሉ ግን ችግር የለውም፤ በዚህ ቅርጹ ዋጋ ውስጥ አይገባም።

በቪዲዮ ላይ ሲናገሩ ደግሞ «ቀወጠው» ቢሉ አልቃወምም። «ሁለት ዓመት ማንም ሳያየው ቆይቶ ኢንተርኔቱን ቀወጠው» ሕያው አማርኛ ነው። በጽሑፍ ርዕስ ላይ ግን «ገነነ» ይሻላል፤ የቆየ፣ ክብር ያለው ቃል ነው።

«ጌም» እና «ጨዋታ»ን በሚመለከት፣ «ጌም» ይበሉ። «ጨዋታ» ወሬንም ይጨምራል፤ «ጨዋታ እናምጣ» ያለዎት ሰው ስልኩን አይደለም የሚያወጣው።

የቪዲዮዎን ርዕስ እንዲህ ቢያደርጉት ደስ ይለኛል፦ «ማንም ሳያያቸው ወጥተው እያደር የገነኑ 5 ጌሞች»። «ባላትሮ» ከአምስቱ አንዱ ከሆነ ግን ያውጡትና ለሌላ ቪዲዮ ያቆዩት።