«ሞቷል ብለን እናስመስክርላት?»

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። አንዲት ኤርትራዊት ስደተኛ ከሁለት ልጆቿ ጋር ግቢዬ ውስጥ ትኖራለች። ባሏ ዳባት ካለው የአለምዋጭ መጠለያ ወጥቶ በሱዳን በኩል ወደ ሊቢያ ሄደ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ድምፁ የለም። ከል እንዳትለብስ መርዶ አልመጣላት፣ እንዳትተወው ሆዷ እምቢ አላት። እዚህ የተወው ሲም እንዳይዘጋ እየተበደረች ካርድ ትሞላበታለች። እርሟን አውጥታ ኑሮዋን እንድትቀጥል ሦስት ምስክር አቁመን የሞት ወረቀት ብናወጣላት ምን ችግር አለው? ወንድሜም ሊያግዛት ፈቃደኛ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ የሰው ሐዘን ቤትሽ አስገብተሽ አብረሽ ተሸክመሻል። እግዚአብሔር ይስጥሽ። ግን ያልጻፍሽልኝ ነገር አለ።

«ሊሞላው ነው» ማለት አልሞላም ማለት ነው። የምትቆጥሩትስ ከወጣበት ቀን ነው ወይስ ወሬው ለመጨረሻ ጊዜ ከተሰማበት? ወረቀቱንስ የፈለገችው እሷ ናት ወይስ አንቺ? ከደብዳቤሽ ውስጥ የእሷን ቃል ፈልጌ አጣሁት። ደግሞ ወንድምሽ። «ማገዝ» ያልሽው ጋብቻ ከሆነ በግልጽ ንገሪኝ። ይህ ከጠበቃ የሚደበቅ ነገር አይደለም። ጋብቻዋ አስመራም ይፈጸም ሌላ ቦታ፣ እስካልፈረሰ ድረስ ባለትዳር ናት። በላዩ ሌላ ማግባት ለእሷም፣ እያወቀ ለሚያገባትም ወንጀል ነው።

ሕጉ ራሱ አጭር ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 154 መሠረት፣ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው መጥፋቱ በፍርድ እንዲወሰን ማመልከት ይችላል። አመልካቿ እሷ ናት፣ አንቺ አይደለሽም። ጉዳዩን የሚያየው የጠፋው ሰው ዋና መኖሪያ በነበረበት ቦታ ያለው ፍርድ ቤት ነው። ውሳኔው የመጨረሻ ሲሆን ጋብቻው ይፈርሳል። ስደተኛ መሆኗ ፍርድ ቤት ከመቅረብ አያግዳትም።

አሁን ወደ ሦስቱ ምስክሮችሽ ልምጣ። ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ለክፋት ብሎ አይደለም፣ ለማሳረፍ ብሎ ነው። «ጠፋ» እና «ሞተ» በሕግ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሊቢያን ያላየ ጎረቤት «መሞቱን አውቃለሁ» ብሎ ሲምል በሐሰት መሰከረ ማለት ነው፤ ያስቀጣዋል። ከሁሉ የምትጎዳው ግን እሷ ናት። በስደተኛነት ስትመዘገብ «ባለቤቴ ጠፍቷል» ብላ ከሆነ፣ ነገ ወደ ሦስተኛ አገር ሄዳ ለመስፈር ቃለ መጠይቅ ስትቀርብ የሞት ወረቀቱ ከዚያ ቃል ጋር ይጋጫል። አንድ ነገር ከዋሸች ሌላውንስ ማን ያምናታል? ባልየው በሕይወት ቢገኝስ? ቤተሰቡን ልቀላቀል ሲል፣ ሚስቱ ራሷ ያቀረበችው ወረቀት «ሞቷል» ይላል።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። የሦስቱም ምስክሮች ቃል እስከ ፊደል ግድፈቱ አንድ ነበር። ባልየው በአራተኛው ወር ከትሪፖሊ ደወለ። ሴትዮዋ በደስታ ታለቅስ ነበር፣ እኔ ደግሞ ያንን ወረቀት እንዴት እንደምንሽረው አስብ ነበር። ስለዚህ እባክሽ፣ አታድርጉት።

በምትኩ ወደ ኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ይዘሻት ሂጂ። ከዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር የጠፋ ዘመድ የማፈላለግ አገልግሎት አላቸው፤ ክፍያ የለውም። የባልየውን ሙሉ ስም፣ የአባቱንና የእናቱን ስም፣ የተወለደበትን ቀን፣ ፎቶውን፣ መጨረሻ የታየበትን ቦታ ያዙ። ኤምባሲ እንዳትወስጂያት፤ የሸሸችው ከዚያው መንግሥት ነው። ፎቶውንም ከስልክ ቁጥር ጋር ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፉ። «ታስሯል፣ ብር ላኩ» የሚሉ አጭበርባሪዎች የሚጠብቁት ይህንኑ ነው።

ወረቀት ሰብስቡ፦ የስደተኛ መታወቂያዋን፣ የጋብቻ ማስረጃዋን፣ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከመጠለያ ውጭ የምትኖርበትን ፈቃድ። ፈቃዱ ከሌላት ይህንንም ለጠበቃው ንገሩት። ለጠበቃ መክፈል ካልቻላችሁ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። እሷ ራሷ ማግባት ፈልጋ ከሆነ ደግሞ በፍቺ በኩል እውነቱን ተናግሮ የሚኬድበት መንገድ አለ። እኔ በደብዳቤ ብቻ «ይሄን አድርጊ» ልላት አልችልም፤ ሰነዶቿን የሚያይ ባለሙያ ያስፈልጋታል።

ለማልቀስ ግን የማንም ማኅተም አያስፈልጋትም። ማልቀስ ስትፈልግ አብረሻት ተቀመጪ። «ይመጣል» ስትልም አትከራከሪያት፣ «ሞቷል በይ» ብለሽም አታስጨንቂያት።

ያንን ሲም ደግሞ ተዪላት። ስልኩ ውስጥ የመጨረሻው ጥሪ ቀንና የላካቸው የድምፅ መልእክቶች ካሉ፣ ሁለቱ ዓመት ከየት እንደሚቆጠር ለፍርድ ቤቱ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። አንዱንም እንዳታጠፉ፤ ዛሬውኑ ወደ ሌላ ስልክ ገልብጡት። ካርድ መሙያውንም ከቻልሽ አንቺ አግዣት።