«ውሃ ነክቶታል» የተባለው ስልክ እና ሌሎች የጋራንቲ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከዚራ ካለ አንድ ሱቅ በደረሰኝ አዲስ ስልክ ገዝቼ የ12 ወር ጋራንቲ ካርድ ማህተም መተው ሰጡኝ። ሁለት ወር ሳይሞላው ቻርጅ ላይ ሲሆን እንደ ምጣድ መጋል ጀመረ፣ ከዛ ራሱ እየጠፋ ራሱ ይነሳል፣ ሰው እያወራሁ ድርግም ይላል። ሱቁ ስወስደው «እኛ ሻጭ ነን፣ ጋራንቲው የካምፓኒው ስለሆነ አዲስ አበባ ሰርቪስ ሴንተር ላከው» አለኝ። በሚሄድ ሰው ላኩት። መልሱ «ውሃ ነክቶታል፣ ጋራንቲ አይሸፍነውም፣ ከፈለግክ በራስህ ወጪ» ሆነ፣ ሲም ማስገቢያው ውስጥ ያለችው ስቲከር ቀልታለች ብለው ፎቶዋንም ላኩልኝ። ወላሂ ውሃ አላስነካሁትም! አሁን ስልኩ ተመልሶ እጄ ላይ ነው፣ ሰፈር ያሉ ልጆች «አምጣው እኛ እንፈታዋለን» እያሉኝ ነው። ምን ይሻለኛል? ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ አቦ መጀመሪያ ለሰፈር ልጆቹ አትስጠው! ልጆቹ አይችሉም ማለታችን አይደለም፣ ድሬ ውስጥ ሰርቪስ ሴንተር «ሞቷል» ብሎ የመለሰውን ስልክ የሚያስነሱ እጀ ወርቅ ልጆች አሉ። ግን አንዴ ከተፈታ፣ ብሎኑ ላይ ያለችው ትንሽ ማሸጊያ ከተቀደደች ክርክርህ እዛው አለቀ፣ ከዛ በኋላ ውሃ ነካው አልነካው የሚል ሰው የለም፣ «ውጪ ተከፍቷል» ተብሎ በአንድ ቃል ይዘጋል። ገና የምትከራከርበት ነገር አለህ፣ መጀመሪያ እሱን ጨርስ።

ስለ ስቲከሯ። አብዛኛው ስልክ ሲም ማስገቢያው ጋ ወይ ውስጡ አካባቢ ነጭ የሆነች ምልክት አለችው፣ ፈሳሽ ሲነካት ቀይ ወይ ሮዝ ትሆናለች። አየሩ ስለሞቀ ብቻ አትቀላም፣ ፈሳሽ ራሱ መንካት አለበት፣ ግን ፈሳሽ ማለት የግድ ባልዲ ውስጥ መውደቅ አይደለም። ላብም ፈሳሽ ነው። ስልክህን የት ነው የምትይዘው? ቤት ውስጥ ሽርጥህ ላይ ወገብህ ጋ ሸጉጠኸው በርጫ ላይ ከሰዓቱን ሙሉ የምትቀመጥ ከሆነ፣ ወይ ከቀዝቃዛ ውሃ ላስቲክ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ከትተኸው ባጃጅ ላይ የምትንጠላጠል ከሆነ፣ ሲም ማስገቢያው በር ላይ ያለችውን ስቲከር ለማቅላት ይበቃል። ይህን የምንልህ ጥፋተኛ ልናደርግህ አይደለም፣ ቁም ነገሩ ወዲህ ነው፦ በር ላይ ያለችው ስቲከር መቅላቷ ፈሳሹ ማዘርቦርዱ (ቺፖቹ ያሉበት የስልኩ ዋና ሰሌዳ) ድረስ ገብቷል ማለት አይደለም። ማዘርቦርዱን ውሃ ካገኘው ዝገት ይኖራል፣ አረንጓዴ ወይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ቺፖቹ ዙሪያና የባትሪው ሶኬት ጋ ይታያል። ስለዚህ ጥያቄህ «ስቲከሩን አየሁ፣ ቦርዱ ላይ ያለውን ዝገት ደግሞ አሳዩኝ» ነው። ሰርቪስ ሴንተሮቹ ራሳቸው ከፍተው ፎቶ ያንሱልህ። የውስጡ ስቲከር ነጭ ሆኖ ቦርዱም ንጹህ ከሆነ፣ ቻርጅ ላይ መጋሉና ራሱን ማጥፋቱ የባትሪ ወይ የቻርጅ መስመር ችግር የመሆን እድሉ ሰፊ ነው፣ ያ ደግሞ ውሃ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ሙቀቱን በተመለከተ ግን አንድ ነገር እንጨምርልህ። ብዙ ስልኮች መመሪያቸው ላይ እንዲሰሩ የታሰቡት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር ነው ይላል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ 35ን ማለፏ ዜና ነው እንዴ? ሊቲየም ባትሪ ሙቀት አይወድም፣ ሞቆ ሳለ ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ይበልጥ ያረጃል። ከሻጩ ጋር ከመከራከርህ በፊት ስልኩን ካቨሩን አውልቀህ፣ ትራስ ስር ሳይሆን ማራገቢያ ባለበት ጠረጴዛ ላይ፣ ከካርቶኑ የወጣውን ቻርጀር ተጠቅመህ ማታ ሞክረው። ያኔም ከጋለ ቪዲዮ ቅረጸው፣ ሲጠፋና ሲነሳ የሚታይበት ቪዲዮ ከመቶ ቃል ይሻላል፣ ምክንያቱም ሰርቪስ ቤት ሲደርስ ስልኩ ጨዋ ልጅ ሆኖ «ምንም ችግር የለበትም» ተብሎ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። ጀርባው ማበጥ ከጀመረ ግን ሙከራ የሚባል የለም፣ ቻርጅ አታድርገው፣ እንዳለ ውሰደው።

አሁን ወደ ሻጩ። «እኛ ሻጭ ብቻ ነን» የሚለው ነገር ሱቅ ሁሉ የሚለው ነው፣ ሕጉ ግን እንደዛ አይልም። ገንዘብህን የተቀበለው እሱ ነው፣ ውልህም ከሱ ጋር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ሻጩን ቀይርልኝ ወይ ብሬን መልስልኝ ማለት ይችላል ይላል። አንተ 15ቱ ቀን አልፎሃል፣ ግን የጋራንቲ ካርዱ ከዛ በላይ የሰጠህ መብት ነው፣ ማህተሙ ደግሞ የሱቁ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጩ ለዕቃው ጉድለት ኃላፊ ነው ይላል፣ አንተ ግን ጉድለቱን እንዳወቅክ ቶሎ ማሳወቅ አለብህ፣ ክስ ካሰብክ ደግሞ ካሳወቅክበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ነው ያለህ። በቃል አትንገረው። በጽሑፍ አድርገው፣ ቴሌግራምም ቢሆን ቀኑ ያለበት ነገር ይኑርህ፣ የስልኩን አይኤምኢአይ (ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ስትደውል የሚመጣውን ባለ 15 አሃዝ ቁጥር)፣ የደረሰኙን ቁጥር፣ ችግሩ መቼ እንደጀመረ ጻፍለት። ስታበቃ «ወይ ቦርዱን አሳዩኝ ወይ አሰራልኝ» በለው።

እምቢ ካለ የድሬዳዋ አስተዳደር ንግድ ቢሮ ሂድ፣ የሸማች አቤቱታ ይቀበላሉ። ድሮ ለዚህ ጉዳይ የፌዴራል ባለስልጣን መስሪያ ቤት ነበር፣ እሱ በ2014 ፈርሶ ስራው ወደ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ስለሄደ የቆየ ጽሑፍ አንብበህ እሱን ፍለጋ አትንከራተት። በኛ ግምት ግን እዛ ሳትደርስ ያልቃል፣ ድሬ ትንሽ ከተማ ናት፣ ሱቁም ስሙ እንዲጠፋ አይፈልግም፣ ሽማግሌ ይዘህ ሳይሆን ወረቀት ይዘህ ስትሄድ ነው ድምጹ የሚለወጥ።

እንደገና ስትልከው ደግሞ ሲምህንና ሚሞሪህን አውጣ፣ ፎቶህን ባክአፕ አድርግ፣ የጎግል አካውንትህን ከስልኩ አጥፋ፣ የቴሌብር ሚስጥር ቁጥርህን ማንም ቢጠይቅህ አትስጥ፣ ለጥገና የሚያስፈልግ ነገር አይደለም። መረከቢያ ወረቀቱ ላይ የስልኩ መልክ ይጻፍ፣ «ስክሪኑ ያልተሰነጠቀ፣ ያልተከፈተ» ተብሎ። ይሄን ሳያስጽፉ ሰጥተው በጭረት የተመለሰላቸው ሰዎች ደብዳቤ በየጊዜው ይደርሰናል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከዱባይ ስልክ ላከልኝ፣ እኔ ስናገር ሰው አይሰማኝም፣ እኔ ግን እሰማለሁ። ጋራንቲው ሐረር ይሰራል? ከጀጎል

መልስ፦ እህታችን፣ ከጋራንቲው በፊት ድምጽ መቅጃውን ከፍተሽ ትንሽ አውሪና መልሰሽ አድምጪው። ጥርት ብሎ ከተሰማ ማይኩ ደህና ነው፣ ችግሩ ኔትወርክ ወይ ሴቲንግ ነው። ካልተሰማ ደግሞ ከታች ቻርጅ መሰኪያው አጠገብ ያለችውን ቀዳዳ እዪ፣ ካቨሩ ሸፍኗት ይሆናል፣ አቧራም ይዘጋታል፣ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊያት፣ መርፌ ግን አታስገቢ። ይህም ካልሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጋራንቲ የሚሰራው በተሸጠበት አገር ነው፣ ስለዚህ ወንድምሽ ደረሰኙን አይጣለው፣ የሚመለስ ሰው ካለም ስልኩን በእጅ ሻንጣው ይያዝልሽ፣ ባትሪ ያለው ነገር ከተጫነ ሻንጣ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ታይዋን ገበያ ስልክ ያለ ደረሰኝ ገዛሁ፣ ልጁ «3 ወር ጋራንቲ አለው፣ እኔን አታውቀኝም እንዴ» ብሎኛል። ያዋጣል? ከመጋላ

መልስ፦ ልጁ እስካለ ድረስ ያዋጣል። ስልክ ቁጥሩን ያዝ፣ ዛሬውኑ አይኤምኢአዩንና «3 ወር» የምትለዋን በቴሌግራም ላክለትና «እሺ» ያስብልህ፣ ካርቶኑንም አትጣል።