የአንባብያን ጥያቄ፦ በኮምፔንሳቶ ላይ ጅማን መሥራት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጀርመን የምትኖር እህቴ የኤሌክትሪክ ባቡር ሞዴል ከነሐዲዱ ላከችልኝ፤ ልኬቱ 1 ለ87 ነው። በአንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ ላይ ዘርግቼ፣ ኮረብታ በጀሶ ሠርቼ፣ አረንጓዴ ቀለም የነከርሁትን ሰጋቱራ ዙሪያውን ነሰነስሁበት። ባቡሩ ያምራል፤ አገሩ ግን መጫወቻ መሰለብኝ። ጓደኞቼ ደግሞ «ጅማ መቼ ባቡር ገብቶ ያውቃል? ከሠራህ ድሬዳዋን ሥራ» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?
— ከሂርማታ፣ ጅማ

መልስ፦ አስቀድሜ ለጓደኞችህ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት የባቡር ውል ሦስት ክፍል ነበረው፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰና እዚያው ቆመ። አንተ የምትሠራው ሦስተኛውን ክፍል ነው በላቸው። አዋቂ ነኝ የሚል እንግዳ መጥቶ «የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ ያንተ 16.5 ሚሊሜትር ግን በ87 ሲባዛ የአዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ልክ ነው» ቢልህ እውነቱን ነው፤ ቡና ጋብዘህ ሸኘው።

ድሬዳዋን አትሥራ የምልህ ግን በታሪክ ምክንያት አይደለም። የድሬዳዋን አሸዋና ግራር ከፎቶግራፍ ትቀዳለህ፤ የጅማን አፈር ግን ጫማህ ላይ ይዘኸው ትገባለህ። መልክዓ ምድር እውነት የሚመስለው በዛፍ ብዛት ሳይሆን በመሬቱ ቀለም ነው። ሰሌዳህ የቢልያርድ ጠረጴዛ የመሰለው አንድ ዓይነት አረንጓዴ ስላለበሰው ነው። ሰጋቱራውን አራግፈውና ከቀይ አፈራችን ጀምር።

አፈሩን ከቆፈርህ በኋላ በአሮጌ ምጣድ ላይ አሙቀው፤ ይደርቃል፣ የነፍሳት ዕንቁላልም ይሞታል። በቀጭን ወንፊት ንፋው። ከዚያ ማግኔት በላስቲክ ጠቅልለህ ደጋግመህ አሳልፍበት። ቀይ አፈር ብረት አለው፤ ማግኔት የሚስበው ቅንጣት ወደ ባቡሩ ሞተር ከገባ ሞተሩን ያበላሸዋል። ይህን የሚዘልል ሰው ብዙ ነው፤ አንተ አትዝለል። ነጭ የአናጢ ኮላ በእኩል ውሃ አቅጥነህ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምርበት፤ ያለ ሳሙና ኮላው አፈሩ ላይ ተንከባልሎ ይቀራል። ጀሶውን አስቀድመህ ቡናማ ቀባው፤ አንድ ቀን ቢሰነጠቅ ነጩ አፍጥጦ እንዳይታይ።

ሣሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ በየቦታው እንጂ ሁሉን ሸፍኖ አይደለም። ከሰጋቱራ ይልቅ ቃጫ ይሻላል። በጣም አሳጥረህ ቁረጠው፣ ግማሹን አረንጓዴ፣ ግማሹን ገለባማ ንከረው። የቡና አተላ ለጫካ ሥር መልካም ነው፤ በእኛ እርጥብ አየር ግን በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል።

አሁን ዋናውን ልንገርህ፦ ወር ምረጥ። በአደይ አበባ የተሸፈነ ኮረብታና ማድረቂያ አልጋ ሙሉ ቀይ ቡና ጎን ለጎን ያየ ጅማዊ፣ አንዱ የመስከረም ሌላው የኅዳር መሆኑን ስለሚያውቅ ይስቅብሃል። እኔ ኅዳርን እመርጣለሁ፤ ለቀማው ደርሷል፣ የመንገዱ ጭቃ ደርቆ አቧራ መሆን ጀምሯል። ለማድረቂያው አልጋ ያረጀ የአጎበር ጨርቅ በክብሪት እንጨት እግሮች ላይ ወጥር። የቡናው ፍሬ በዚህ ልኬት ከሩብ ሚሊሜትር ያንሳልና ዘር ወይም ዶቃ አትደርድር፤ የተፈጨ ቀይ ሸክላ በስሱ ብትነሰንስ ይበቃል። በርበሬ እንዳትሞክር፤ ነቀዝ ይጠራል።

ልክን በተመለከተ ሁልጊዜ ለ87 አካፍል። ሰው 2 ሴንቲሜትር፣ የቡና ተክል 3 ገደማ፣ 15 ሜትር የሆነ ዋንዛ 17 ሴንቲሜትር ይሆናል። ጀማሪ ሁሉ ዛፉን ያሳጥረዋል፤ ቡናው ከጥላው ዛፍ ጋር እኩል ይቆምና ጫካው ይጠፋል። ግንዱን ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ መዳብ ግመድ፣ ቅጠሉን ከተፈጨ ስፖንጅ አድርግ። ለእንሰቱ አረንጓዴ የተቀባ ወረቀት በመሐሉ ቀጭን ሽቦ ይዞ ይታጠፋል፤ ጠርዙን ቅደደው፣ ነፋስ ያልቀደደው የእንሰት ቅጠል የለም።

የቤቶቹን ቆርቆሮ ከምግብ መጠቅለያ አሉሚኒየም ትሠራለህ። አሉሚኒየሙን በጎማ ላይ አንጥፈህ ባለ 6 ሚሊሜትር ብሎን ጫን እያደረግህ አንከባልልበት፤ የጥርሱ ርቀት 1 ሚሊሜትር ስለሆነ ሞገዱ ለልኬቱ ይቀርባል። ዝገቱን በቀጭን ቡናማ ከላይ ወደ ታች አፍስሰው፤ ዝናብም የሚወርደው እንዲያ ነው። ሁሉንም ጣሪያ ግን አታዝግ፤ አንዱ ጎረቤት ሁልጊዜ አዲስ ቆርቆሮ ያለብሳል።

የጅሬንን ኮረብታ ከበስተ ኋላ አድርገው። ኮረብታው ሐዲዱን በከፊል ሲሸፍን ባቡሩ ዞሮ መመለሱ ይረሳና የሚሄድበት አገር ያለው ይመስላል። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አናቱ ላይ ስታስቀምጥ በ1 ለ87 ሳይሆን በ1 ለ160 ሥራው፣ ቀለሙንም ወደ ግራጫ ሰማያዊ አደብዝዘው፤ ያኔ ሩቅ ይሆናል። ኮረብታው ተነሥቶ የሚገጠም ይሁን፤ ባቡር ከሐዲድ የሚወጣው ሁልጊዜ እጅ የማይደርስበት ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የቦዬን ረግረግ መሥራት እፈልጋለሁ። እውነተኛ ውሃ ባስገባበትስ?
— ከጅማ፣ መምህርት

መልስ፦ አይሆንም፣ እመቤቴ። ውሃ በዚህ ልኬት አይታዘዝም፤ ኮምፔንሳቶውንም ያሳብጣል። ጉድጓዱን በጀሶ ድፈኑ፣ መሐሉን ጥቁር ቡናማ፣ ዳሩን ጭቃማ ቀቡ፤ ሰማያዊ በጭራሽ። ከዚያ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ በስሱ ደጋግሙ፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ከተደረበ ይደፈርሳል። ከሥር ፎም ካለ የዘይት ቫርኒሽ ይበላዋልና የውሃውን ዓይነት ግዙ። ቄጠማውን ከአሮጌ ቡሩሽ ፀጉር ቆርጣችሁ ቫርኒሹ ከመድረቁ በፊት ትከሉ፤ ከዳር ጥቅጥቅ፣ ወደ መሐል ሳሳ አድርጋችሁ።