ዲፈርድ ታክስ ውዝፍ አይደለም

ከደብረ ሲና የጻፍሽልኝ እህቴ፣ በአካውንቲንግ ተመርቀሽ የመውጫ ፈተናውንም አልፈሻል። ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ለጁኒየር አካውንታንትነት ጠርቶሽ ዲፈርድ ታክስ ምንድን ነው ሲልሽ «ለገቢዎች ያልተከፈለ ውዝፍ» ብለሽ መለስሽ። ገቢዎች ሊቀበለው ላይቀበለው የሚችል ወጪ እንዴት ይመዘገባል ሲልሽ ደግሞ ዝም አልሽ። አሁን «ሙያው ለእኔ አይደለም መሰለኝ፤ አዲስ አበባ ሄጄ ሌላ ሥራ ልፈልግ?» ትያለሽ።

ኧረ ቆዪ! በሁለት ጥያቄ ሙያ አይጣልም።

ውዝፍ ማለት ገቢዎች ዛሬ የሚጠይቅሽ ዕዳ ነው። ዲፈርድ ታክስ ግን ለወደፊት የሚተላለፍ የግብር ውጤት ነው፤ ዛሬ ማንም አይጠይቅሽም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መዝገቡና የግብር ሕጉ አንዱን ንብረት በተለያየ ፍጥነት ስለሚያስረጁት ነው። የ10 ሚሊዮን ብር ማሽን እንውሰድ። ፋብሪካው 10 ዓመት ያገለግለኛል ብሎ በመዝገቡ ከዋጋው በዓመት 1 ሚሊዮን ይቀንሳል። ለግብር ደግሞ በዓመት ከመነሻ ዋጋው 15 በመቶ፣ ማለትም 1.5 ሚሊዮን ይቀነሳል እንበል። በዓመቱ መጨረሻ ማሽኑ በመዝገብ 9 ሚሊዮን፣ በግብር ስሌት 8.5 ሚሊዮን ነው። ልዩነቱን 500 ሺህ በድርጅቶች የግብር መጣኔ በ30 በመቶ ስታባዢው 150 ሺህ ብር የዲፈርድ ታክስ ዕዳ ይወጣል። ይህን በኤክሴል እስከ 10ኛው ዓመት ውሰጂው። ዕዳው 900 ሺህ ይደርስና፣ ለግብር የሚቀነሰው በ7ኛው ዓመት ስለሚያልቅ፣ ከ8ኛው ዓመት ጀምሮ ይቀንሳል፤ በ10ኛው ዜሮ ይሆናል። በእጅሽ ከሠራሽው አይረሳሽም።

ሁለተኛው ጥያቄ ለእኔ ይበልጥ ይጥመኛል። ፋብሪካው ከመንዝ ገበሬዎች የበግ ፀጉር ገዛ፣ የተሟላ ደረሰኝ የለውም፣ 400 ሺህ ብሩን ግን ወጪ ብሎ አስታወቀ እንበል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የሚሠራው አይፍሪክ 23 (አጠራጣሪ ግብር እንዴት እንደሚመዘገብ የሚናገረው የአይኤፍአርኤስ፣ ማለትም የዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች ማብራሪያ) «ማን ያየዋል?» የሚለውን ማምለጫ ይዘጋል። መርማሪው ሰነዱን ሁሉ እንደሚያይ ቆጥረሽ ነው የምትነሺው። ይቀበለዋል ብለሽ ካመንሽ እንዳስታወቅሽው ትመዘግቢያለሽ። ካላመንሽና ነገሩ ወይ ሙሉ መቀበል ወይ ሙሉ መጣል ከሆነ፣ ይበልጥ ሊሆን የሚችለውን ትይዣለሽ፤ እዚህ የ400 ሺሁ 30 በመቶ፣ 120 ሺህ ብር ግብር ማለት ነው። የሚሆነው ብዙ ዓይነት ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን በዕድሉ እያባዛሽ ትደምሪያለሽ። (አለቃ እዚህ ላይ ፊቱን ሊያጠቁር ይችላል። መዝገብሽን አስተካክለሽ መያዝሽ እንጂ ገቢዎችን መጥራትሽ እንዳልሆነ ንገሪው።)

አዲስ አበባ መሄድ ከፈለግሽ ሂጂ፤ ለዚህ ብለሽ ግን አይሁን። ደብረ ብርሃን የቢራውም የብርድ ልብሱም ፋብሪካ አለ፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩም አለ። በአዋጅ 847/2006 ትልልቅ ድርጅቶች ሪፖርታቸውን በአይኤፍአርኤስ ማዘጋጀት አለባቸው። ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር የሚችል ሞልቷል። ይህን ሰንጠረዥ ሠርቶ የሚያስረዳ ጀማሪ ግን ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ሲቪሽ ላይ «አይኤፍአርኤስ አውቃለሁ» ብሎ መጻፉ ብዙም አይረዳሽም። ሰንጠረዡን አትመሽ ያዢ። ቦታው ካልተያዘ እዚያው ፋብሪካ ተመለሺና የፋይናንስ ኃላፊውን «ያን ቀን ያልመለስኩትን ሠርቼ መጥቻለሁ» በያቸው። አያሳፍርም።